የብዕር ስም ማታለል ነውን? ስለ ስምና ማንነት በኢንተርኔት ግንኙነት

ጥያቄ፦ «ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በኢንተርኔት ላይ በብዕር ስም የሂሳብ ትምህርት እያዘጋጀሁ አቀርባለሁ። በሥራ ቦታዬ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንዲታወቅም አልፈልግም። በቅርቡ አንድ ሰው ‹እውነተኛ ስምህን ካልገለጥህ የምትለውን አላምንም፤ ስም መደበቅ ማታለል ነው› ብሎ ጻፈልኝ። ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። በእርግጥ እያታለልሁ ነው? ስሜን ብገልጥ ይሻላል? ባልገልጥስ የብዕር ስሙ ይሸሽገኛል?»

ምላሽ፦ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓቶችን በመንደፍና በመፈተሽ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ይህን የመሰለ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ይደርሰኛል። የእርስዎ ጥያቄ ሁለት ጉዳዮችን አጣምሮ ይዟል፤ አንዱ የታማኝነት፣ ሌላው የደኅንነት ነው። ስለ መጀመሪያው የምሰጠው መልስ እንቅልፍዎን የሚመልስልዎ ይመስለኛል፤ ስለ ሁለተኛው የምለው ግን ጥንቃቄ የሚጨምርብዎ ነው። እያታለሉ አይደለም፤ ነገር ግን የብዕር ስምዎ እርስዎ የሚያስቡትን ያህል አይሸሽግዎትም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያ ሰው ያቀረበው ክርክር የሚያስኬደው ስም አንድ ሥራ ብቻ ቢኖረው ነበር። ስም ግን ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንድን ሰው ከሌላው ለይተን እንድንጠራው ያስችለናል፤ ያ ሰው የተናገረውንና የሠራውን በአንድ መዝገብ ሥር ያከማቻል፤ በሕግ ፊት ደግሞ መብትንና ግዴታን ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር ያስተሳስራል። ፊት ለፊት ስንገናኝ ሦስቱ ተደራርበው ስለሚመጡ ልዩነታቸው አይታየንም። በኢንተርኔት ግንኙነት ላይ ግን ይነጣጠላሉ። የመጀመሪያውን ሥራ ማንኛውም የተጠቃሚ ስም ይወጣዋል፤ ሁለተኛውን ሳይለዋወጥ ረጅም ጊዜ የቆየ መጠሪያ ሁሉ፣ የብዕር ስምም ቢሆን፣ ይወጣዋል፤ የመታወቂያ ስም ብቻ የሚችለው ሦስተኛውን ነው። ከእርስዎ ሂሳብ የሚማር ሰው የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ሳያጓድሉ ሰጥተውታል።

«እውነተኛ ስም» የሚለው አነጋገር ራሱ ሲመረመር የሚመስለውን ያህል ጽኑ አይደለም። በ2011 ፌስቡክ የደራሲውን የሰልማን ሩሽዲን አካውንት ዘግቶ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። ደራሲው የፓስፖርቱን ገጽ ቅጂ ላከ። በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያ ስሙ አሕመድ ስለሆነ፣ አካውንቱ «አሕመድ ሩሽዲ» ተብሎ ተመለሰለት። አንባቢዎቹ በሙሉ የሚያውቁት፣ እሱም ዕድሜውን ሁሉ የተጠራበት ስም «ሰልማን» ነው። በሰነዱ መሠረት የኩባንያው ሥራ ስሕተት አልነበረበትም፤ ውጤቱ ግን አንድን የታወቀ ሰው ማንም የማያውቀው ሰው ማድረግ ሆነ። ሩሽዲ ቅሬታውን በትዊተር ባሰማ ጊዜ ስሙ ተስተካከለለት፤ እንዲህ ያለ የሚሰማ ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። በ2014 በመድረክ ስማቸው የሚታወቁ የትርኢት ሰዎች፣ እንዲሁም ለሥርዓቱ ስም የማይመስል ስም ያላቸው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጆች አካውንታቸው ተዘግቶባቸው ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ይቅርታ ጠይቆ፣ በ2015 መጨረሻ አሠራሩን አሻሻለ። የጉግል ማኅበራዊ መድረክ የነበረው ጉግል ፕላስም በ2011 ሲጀመር የትክክለኛ ስም ግዴታ ጥሎ ነበር፤ በ2014 ግን ግዴታውን አነሣ።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ወቅት ሁለት የስም ሣጥኖች ያሉትን የምዝገባ ቅጽ እንድመረምር ተሰጠኝ፤ አንዱ ለመጀመሪያ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም የተዘጋጀ ነው፤ ሁለቱም ካልተሞሉ ቅጹ አያልፍም። በዓለም ላይ ግን ባለ አንድ ስም ሰዎች አሉ፤ የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕሬዚዳንቶች ሱካርኖና ሱሃርቶ እንዲህ ነበሩ። የአይስላንድ ሰው ከስሙ ቀጥሎ በአብዛኛው የሚያስከትለው የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የሃንጋሪና የጃፓን ሰው የቤተሰቡን ስም ያስቀድማል፤ የስፔን ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛል። መዝገቡን ስከፍተው፣ ባለ አንድ ስም ሰዎች ቅጹ አላሳልፍ ስላላቸው ያደረጉትን አየሁ። አንዱ ስሙን ሁለት ጊዜ ደግሞታል፤ ሌላው ነጥብ አኑሯል፤ አንድ ሰው ደግሞ በሁለተኛው ሣጥን «የለም» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ በወጡለት ደብዳቤዎች ሁሉ አናት ላይ የሰውየው የቤተሰብ ስም «የለም» ሆኖ ቀረ። «እውነተኛ ስም አስገባ» የሚል ትእዛዝ ሳይ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል። እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ሐሰት ያስመዘገበበት ቅጹ ነው።

እውነተኛ ስም የግድ ቢሆን ሰዎች ይታረማሉ፣ ስድብና ሐሰትም ይቀንሳል የሚል እምነት አለ። ይህን እምነት አንድ አገር በስፋት ሞክራዋለች። ደቡብ ኮሪያ በ2007 በቀን ከ300,000 በላይ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች፣ ተጠቃሚው አንዳች ነገር ከመጻፉ በፊት ማንነቱን እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች፤ በ2009 ገደቡ ወደ 100,000 ዝቅ አለ። ዩቲዩብ በዚያ ዓመት ይህን ግዴታ ከመፈጸም ይልቅ ለኮሪያ ተጠቃሚዎች ቪዲዮ የመጫኑን አገልግሎት ማቋረጥን መረጠ። ማረጋገጫው የሚፈጸመው በአብዛኛው በነዋሪነት መመዝገቢያ ቁጥር ስለነበረ፣ ድረ ገጾች የሰዎችን ስምና ቁጥር አጣምረው የሚያስቀምጡ ጎተራዎች ሆኑ። በሐምሌ 2011 ሰርጎ ገቦች ኔትና ሳይወርልድ የተባሉትን አገልግሎቶች ከሚያስተዳድረው ኩባንያ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ ተጠቃሚዎችን መረጃ ዘረፉ፤ የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 50 ሚሊዮን ያህል ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ፍርድ ቤቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች መካከል ሕጉ ሕገ ወጥ ጽሑፎችን በሚታይ መጠን መቀነሱ አለመረጋገጡ፣ ሰዎችም ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች መሸሻቸው ይገኙበታል።

ይህ ታሪክ ለእኔ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ሰው በስሙ ስለ ጻፈ ብቻ ጨዋ አይሆንም፤ ትክክል ነኝ ብሎ ያመነ ሰው በሙሉ ስሙ፣ ከነፎቶግራፉ ይሳደባል፤ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። ሰውን የሚገታው የገነባውን ነገር እንዳያጣ መፍራቱ ነው። ትናንት ተከፍቶ ነገ ለሚጣል አካውንት የሚጠፋበት ነገር የለም። ዘጠኝ ዓመት የተሠራበት የብዕር ስም ግን ጥሪት ነው፤ እርስዎ ነገ አንድ የሂሳብ ስሕተት ቢያስተምሩና ሲታረሙ ቢክዱ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት በማያቋርጥ የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ተጠያቂነትን አልሸሸም፤ ተጠያቂነቱን በሥራው ላይ ወስኖ ከቤቱና ከመሥሪያ ቤቱ አራቀው እንጂ።

ደግሞም በሙያዎ ውስጥ የሚያስከብር ቀዳሚ አለዎት። ዊልያም ሲሊ ጎሴት በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው ጥናት እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ፣ በ1908 ያወጣውን ጽሑፍ «ስቱደንት» ማለትም «ተማሪ» በሚል ስም አሳተመው። በትንሽ ናሙና ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው የስታቲስቲክስ ዘዴ እስከ ዛሬ «የስቱደንት ቲ ፈተና» ተብሎ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። በፈረንሳይም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሂሳብ ሊቃውንት በአንድነት «ኒኮላ ቡርባኪ» በሚባል በሌለ ሰው ስም ሥራዎቻቸውን አሳትመዋል። ማንም የሂሳብ ሰው «ቡርባኪ መታወቂያውን ካላሳየ የሂሳብ ማረጋገጫውን አልቀበልም» አላለም፤ የሂሳብ ማረጋገጫ ከጸሐፊው ስም ውጭ በራሱ ይመዘናልና። ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በጥቅምት 31 ቀን 2008 ያስተዋወቀው ሳቶሺ ናካሞቶም ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሚገርመው ግን ይህ የብዕር ስም ራሱ ሊሰረቅ የሚችል ሆኖ መገኘቱ ነው፤ በ2024 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ናካሞቶ እኔ ነኝ» ይል የነበረ አንድን ሰው አይደለህም ብሎ ፈርዶበታል። የብዕር ስም ሐሰት ቢሆን ኖሮ የሐሰት ባለቤትነት ክርክር ባልተነሣበት ነበር። ማታለል የሚባለው የሌላን ሰው ስም ወይም የሌለንን ማዕረግ መውሰድ ነው።

በዚህ ላይ ለከሳሽዎ የማምንለት አንድ ነጥብ አለ። የንግግሩ እውነትነት በራሱ ሊመዘን በማይችልበት ቦታ ሁሉ የተናጋሪው ማንነት ማስረጃ ይሆናል። «ይህን መድኃኒት ውሰዱ» የሚል ሰው፣ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው፣ ሌላን ሰው በስሙ ጠርቶ የሚከስ ሰው፣ በብዕር ስም ተከልሎ ሊያደርገው አይገባም፤ አድማጩ የሐኪሙን ፈቃድ፣ የገንዘቡን መድረሻ፣ የክሱን ምንጭ የመጠየቅ መብት አለውና። እርስዎም አንድ ቀን ከማስተማር አልፈው ክፍያ መሰብሰብ ወይም የምስክር ወረቀት መስጠት ከጀመሩ ያን ጊዜ ሁኔታው ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ ግን «የሂሳብ ማረጋገጫውን መርምረው፤ ስሕተት ካገኘህ አሳየኝና አርማለሁ» ብለው ቢመልሱለት በቂ ነው።

ሕጉም በአንዳንድ አገሮች ከእርስዎ ጋር ይቆማል። በጀርመን በ2007 የወጣው የቴሌሚዲያ ሕግ፣ በቴክኒክ የሚቻልና ከአቅም በላይ ያልሆነ እስከ ሆነ ድረስ ሰዎች አገልግሎቱን በብዕር ስም ወይም ያለ ስም እንዲጠቀሙ አቅራቢው እንዲፈቅድ ያዝዝ ነበር፤ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤትም ጥር 27 ቀን 2022 በዚህ ላይ ተመሥርቶ በፌስቡክ ላይ ፈርዷል። ይሁንና ፍርዱ የሚመለከተው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በግንቦት 2018 ተፈጻሚ ከመሆኑ በፊት የተመዘገቡትን ነው። አካውንት ሲከፍቱ የተስማሙበት ውል ምን እንደሚል ማንበብ ስለዚህ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ስለ ማረጋገጫ ምልክቶችም ጥቂት ልበል፤ ያ ሰው ነገ «ቢያንስ ሰማያዊ ምልክት ይኑርህ» ይልዎ ይሆናልና። ትዊተር ይህን ምልክት በ2009 ሲጀምር ትርጉሙ «ባለ ስሙ ራሱ ነው» ማለት ነበር። በኅዳር 2022 ምልክቱ በወር ስምንት ዶላር ያህል ለከፈለ ሁሉ ሲሰጥ፣ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ስም የተከፈተ የሐሰት አካውንት ምልክቱን ይዞ «ኢንሱሊን በነጻ ሆነ» ብሎ አወጀ። የምልክቱ መልክ እንደ ነበረ ነው፤ የተለወጠው ምስክርነቱ ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደላት በቁጥር በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ ስለሚገኝ፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። አንባቢ «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን አንድ ቃል አድርጎ ያነባቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይገናኙ ስሞች አድርጎ ይመዘግባቸዋል። የብዕር ስምዎ እንዲህ ያለ ፊደል ካለበት፣ ሌላው አጻጻፍ በሌላ ሰው እንዳይያዝ እርስዎ ቀድመው ይመዝግቡት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እመጣለሁ። የብዕር ስም ሲታወቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ስሙ ራሱ ተፈትቶ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉ ክሮች ተስበው ነው። ላታንያ ስዊኒ የተባሉ ተመራማሪ በ2000 ባቀረቡት ሥራ፣ ከአሜሪካ ነዋሪዎች 87 በመቶ ያህሉን በፖስታ ክልል ቁጥር፣ በፆታና በትውልድ ቀን ጥምረት ብቻ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ስም በዚህ ጥምረት ውስጥ የለም። እርስዎም ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ስለ ልደትዎ፣ ስለ ሥራ ሰዓትዎ፣ ስለ ተማሩበት ዘመን በጨዋታ መካከል የጣሏቸው ቃላት ቢለቀሙ ምን ያህል እንደሚጠብቡብዎ ያስቡት።

አገልግሎቶቹ እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ መሆናቸውም አደጋ ነው። በ2012 ሰርጎ ገቦች የአንድ አሜሪካዊ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛን ባለ ሦስት ፊደል የትዊተር ስም ተመኙ። መጀመሪያ ወደ አንድ የገበያ ኩባንያ ስልክ ደውለው ወደ አካውንቱ ገቡ፤ እዚያም የክፍያ ካርዱን የመጨረሻ አራት አኃዞች አነበቡ። ኩባንያው አራቱን አኃዞች የማያሳስቡ ናቸው ብሎ በግልጽ ያሳያቸዋል። የጋዜጠኛው መሣሪያዎች የተመዘገቡበት ሌላ ኩባንያ ደግሞ እነዚያኑ አራት አኃዞች ከአድራሻ ጋር እንደ ማንነት ማረጋገጫ ይቀበላቸው ነበር። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የጋዜጠኛው ስልክ፣ ታብሌትና ኮምፒውተር ባዶ ሆኑ። ከደኅንነት ታሪኮች ሁሉ ይህን ደጋግሜ የማስተምረው፣ አንዱ ዘንድ ተራ የሆነ ነገር ሌላው ዘንድ ቁልፍ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

የአጻጻፍ ስልትም ይመሰክራል። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ «ሮበርት ጋልብሬዝ» በሚል የወንድ ስም ባሳተመች ጊዜ፣ በ2013 ሁለት ተመራማሪዎች የቃላትን ርዝመትና የተለመዱ ቃላትን ድግግሞሽ በኮምፒውተር አነጻጽረው ጽሑፉ ወደ እሷ እንደሚያመለክት ለጋዜጣ አስረዱ። ነገር ግን ጋዜጣውን በመጀመሪያ ያነቃው ኮምፒውተር አልነበረም፤ ከጠበቆቿ አንዱ ለሚስቱ ወዳጅ የነገራት ምስጢር ነበር። የእርስዎንም ስም ቢያወጣ የሚያወጣው ይህን ምስጢር ያካፈሉት ሰው የመሆኑ ዕድል ከሁሉ የበለጠ ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የሚያደርጉትን ልንገርዎ። የብዕር ስሙ የተመዘገበበት ኢሜይል ለሌላ ለምንም ነገር ያልዋለ ይሁን፤ ከግል ስልክ ቁጥርዎ ጋር ከተያያዘ ይፍቱት፤ ብዙ መተግበሪያዎች በሰዎች ስልክ ውስጥ ያለውን የቁጥር ዝርዝር እያነበቡ «ይህን ሰው ታውቀው ይሆናል» እያሉ ለባልደረቦችዎ ያቀርቡዎታልና። ከዓመታት በፊት ለሌላ ነገር የተጠቀሙበትን የተጠቃሚ ስም በመፈለጊያ ያስገቡትና የሚወጣውን ይመልከቱ። ፎቶግራፍ ሲጭኑ ፋይሉ ፎቶው የተነሣበትን ቦታና ሰዓት ይዞ ሊሄድ እንደሚችል አይርሱ። ከሁሉ በላይ ግን ለተማሪዎችዎ የሚያካፍሏቸውን የልምምድ ወረቀቶች ይፈትሹ። ሰነድ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ባለቤት ስም በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ «አዘጋጅ» ተብሎ በራሱ ይሰፍራል። አንድ በብዕር ስም የሚጽፍ ወዳጄ ከስድስት ዓመት በላይ ያካፈላቸውን ፋይሎች አብረን ስንከፍት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሙሉ ስሙና የመሥሪያ ቤቱ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አገኘን። ማንም አላየውም ነበር፤ የሚያይ ሰው ስላልነበረ እንጂ ስለ ተሸሸገ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስምዎን ለመግለጥ ቢወስኑ አልቃወምም፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ብቻ በሰው ግፊት፣ በንዴት ሌሊት አይሁን። የተገለጠ ስም ተመልሶ አይሸሸግም። ቢገልጡትም በመጀመሪያ በራሱ በብዕር ስሙ አካውንት ይግለጡት፤ ዘጠኝ ዓመት የተከታተለዎት ሰው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያምነው ከሚያውቀው አፍ ሲሰማ ነው። የድሮውን አካውንትም አይሰርዙት። በ2013 ያሁ ለአንድ ዓመት ያህል ያልተከፈቱ የኢሜይል ስሞችን ነጻ አድርጎ ለአዲስ ጠያቂዎች ሲሰጥ፣ አንዳንዶቹ አዲስ ባለቤቶች የቀድሞዎቹን ሰዎች የግል መልእክቶች መቀበል ጀምረው ነበር። የብዕር ስምዎን ቢተዉት እንኳ የይለፍ ቃሉን አድሰው፣ ኢሜይሉን በየጊዜው እየከፈቱ፣ በእጅዎ ያቆዩት።